ዓሣዎቹ ይቆዩ፣ ውሃው ይቅደም

ስልኩን አስቀምጪው፣ ለዓሣ ነጋዴው ገና እንዳትደውዪ። ለሻይ ቤትሽ አኳሪየም ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ደብረ ታቦር ላይ ብርድ ሸሽቶ ገብቶ ሻይ ለሚጠጣ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ማዘጋጀት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን መስታወቱንም፣ ፊልተሩንም፣ ጎልድፊሾቹንም በአንድ ቀን ላምጣ ያልሽውን ተይው። ዓሣዎቹ የሚመጡት ከሁሉም በኋላ ነው። ብዙ ሳምንት ባዶ ውሃ ታያለሽ፤ ደንበኛም «ዓሣው የታለ?» ይልሻል። ይበል።

ምክንያቱን ስሚኝ። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያወጣል። ከስንጥቡ አሞኒያ ይወጣል፤ የሚጥለው ቆሻሻና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በሐይቅ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ አይታወቅም፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ግን ዓሣው ራሱ ባወጣው ነገር ይመረዛል። ከዚህ የሚያድኑት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ ይሄኛው እስካልበዛ ድረስ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው የሚራቡት፣ ያውም ቀስ ብለው። ሞቅ ባለ አገር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃቸዋል። በእኛ ብርድ ይዘገያሉ፤ ሁለት ወር ቢፈጅብሽ አትደነቂ።

ስለዚህ ውሃውን ሙዪ፣ ፊልተሩን አስነሺ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጊበት። ምግቡ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት አሞኒያ ይወጣል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኚው። እርጥብ እንደሆነ፣ በራሱ ውሃ፣ በላስቲክ ተደርጎ ይምጣልሽ፤ ከዚያ በፊልተርሽ ውስጥ ክተቺው። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም፤ የወራቱን ጥበቃ ወደ ሳምንታት ያወርድልሻል። ከነጋዴው መጀመሪያ የምታዥው የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ይሁን። ሁለቱም ከፍ ብለው ከወረዱ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ዜሮ ካሳዩሽ ያኔ ለዓሣዎቹ ደውዪለት።

ክቡን የመስታወት ዕቃ አትግዢ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ለዓሣው ግን እስር ቤት ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ አየር አያስገባም፣ ፊልተርም አይይዝም። ተራው ጎልድፊሽ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ በደንብ ከተያዘም 10 እና 20 ዓመት ይኖራል። እንግሊዝ አገር ቲሽ የሚባል ጎልድፊሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ ልጅ በባዛር ጨዋታ አሸንፎ ያገኘው ነው፣ የሞተው በ1999 ነው። 43 ዓመት ማለት ነው። አንቺም ዛሬ የምታመጪው እንስሳ ልጆችሽ ትምህርት ጨርሰው ሲመጡ ሊጠብቃቸው እንደሚችል አውቀሽ ግቢበት።

መስታወት ቤት ሄደሽ 80 በ35 በ40 ሳንቲ አሠሪ፣ ባለ 8 ሚሊ መስታወት። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ይሁን፣ መከላከያው ለዓሣ መርዝ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ሳምንት ይድረቅ፤ የኮምጣጤ ሽታው ሲጠፋ ውጭ አስቀምጠሽ ሙዪና ማፍሰስ አለማፍሰሱን እዪ። ይህ ሳጥን ወደ 100 ሊትር ይይዛል፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲታከልበት ከ130 ኪሎ ያልፋል። ቡፌው ላይ ላስቀምጥ ያልሽው አይሆንም። በብረት ወይም በወፍራም ጣውላ የተሠራ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ከሥሩም ስስ ስፖንጅ ይነጠፍለታል። ከመስኮትም አርቂው፤ ፀሐይ ከመታው ውሃው አረንጓዴ ይሆንብሻል።

ለመቶ ሊትር ሁለት ዓሣ። አውቃለሁ፣ ስምንት ነበር ያሰብሽው። ሁለት።

እኛ ጋ አንድ ጥሩ ነገርና አንድ ክፉ ነገር አለ። ጥሩው፣ ጎልድፊሽ የብርድ ውሃ ዓሣ መሆኑ ነው። ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በኩሬ ሲያረቡት የኖሩት ነው፤ ማሞቂያ አያስፈልገውም። በአኳሪየም የሚሸጡት ሌሎች ባለ ቀለም ዓሣዎች አብዛኞቹ የሞቃት አገር ናቸው፤ በህዳርና በታህሳስ ውርጭ ያልቁብሽ ነበር። ጅራታቸው እንደ ሻሽ የሚዘረጋው ክብ ክቦቹ ጎልድፊሾች ግን ከተራዎቹ ይልቅ ለብርድ ደካሞች ናቸው፤ ለደብረ ታቦር ባለ ረጅም ገላውን ተራውን ምረጪ። ክፉው ደግሞ ከፍታችን ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል፣ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑ ትንሽ ያካክሰዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛልና። ቢሆንም ከባሕር ዳር ሰው የበለጠ የሚያናፍስ ነገር ያስፈልግሻል። ፊልተሩ የውሃውን ላይ እንዲያናውጠው አድርጊ፣ የአየር ፓምፕም ጨምሪበት። ዓሣው ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ከዋለ ርቦት አይደለም፤ አየር አጥሮት ወይም ውሃው ተመርዞ ነው። ያን ጊዜ ምግብ እንዳትሰጪው፣ ውሃ ቀይሪለት።

መብራት ሲጠፋ የምታደርጊውን አሁኑኑ ልንገርሽ፣ መጥፋቱ አይቀርምና። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑርሽ። ከሌለሽ በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ ታፈሺዋለሽ፤ ለተወሰነ ደቂቃ፣ በየሰዓቱ። መብራት እስኪመጣ ምግብ የለም። ብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ፣ ሲመጣ ፊልተሩን ዝም ብለሽ አታስነሺው። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ሞተው ሊሆን ይችላል፤ የገማውን ውሃ በዓሣዎቹ ላይ ይተፋዋል። ከአኳሪየሙ በባልዲ ቀድተሽ ስፖንጁን በዚያ ውስጥ ጨምቂውና ከዚያ መልሺው። በቧንቧ ውሃ በፍጹም እንዳታጥቢው፣ ክሎሪኑ ለወራት ያሳደግሽውን ይገድልብሻል።

ክሎሪን ካልኩ አይቀር፦ የቧንቧ ውሃ እንደመጣ አይጨመርም። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይደር፣ ክሎሪኑ ይበናል። ቤት ውስጥ ማደሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማለዳ ከሮቶ የቀዳሽው ውሃ በረዶ ስለሆነ ዓሣውን ያስደነግጠዋል፣ ያደረው ግን ከክፍሉ ጋር ይመጣጠናል። በየሳምንቱ ሩቡን ቀይሪ። ሙሉውን አውጥቶ አጥቦ መሙላት ንጽሕና ይመስላል፣ ግን ሥራሽን ሁሉ ከዜሮ ያስጀምርሻል። ለዓሣው ብቻ የሚሆን ባልዲና ቱቦ ለይተሽ ጻፊበት፤ ኦሞ ወይም ላርጎ የነካው ዕቃ እንዳይቀርበው።

ጠጠርና አሸዋ አትግዢ፣ ከርብ ወንዝ የሚመጣውን አሸዋ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግመሽ እጠቢው። ድንጋይ ለማስጌጥ ከፈለግሽ የአገራችን ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። የተጠራጠርሽውን ላዩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ ከፈላ ኖራ አለበት፣ ተይው።

ምግቡን ራስሽ ብቻ ስጪ። ደንበኛ ቆሎም፣ ዳቦም፣ እንጀራም እንዳይጥል ወረቀት ጽፈሽ ለጥፊ። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ የበላው እየፈጨ በቀጥታ ያልፋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ጨርሶ የሚውጠውን ያህል። አልፎ አልፎ አተር ቀቅለሽ፣ ልጣጩን አውጥተሽ፣ ፈርከስ አድርገሽ ስጪው፤ ሆዱን ያቀልለታል። ረቡዕ ወይም ዓርብ አንዱን ቀን ከነጭራሹ አይብላ፣ ጾሙ ይጠቅመዋል። ውርጩ ሲበረታና ውሃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ መመገብሽን አቁሚ፣ መፍጨት ያቅተዋል።

ዓሣዎቹ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ነው የሚመጡት። ነጋዴውን ከመላኩ በፊት አንድ ቀን እንዳያበላቸው ንገሪው፤ ላስቲኩም ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሲሶው ኦክስጅን ይሁን። ሲደርሱ ላስቲኩን ሳትፈቺ አኳሪየሙ ላይ ግማሽ ሰዓት አንሳፍፊው፣ ከዚያ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጥተሽ ልቀቂ። የመንገዱ ውሃ ውጭ ይደፋ። ደክመው ከመጡ ለአንድ ሊትር አንድ ግራም ተራ ጨው ይበቃል፣ ውጭ አሟሙተሽ ጨምሪው።

አሁን የምነግርሽን ከሁሉ አስበልጠሽ ያዢልኝ። ዓሣው ቢያድግብሽ፣ ቢሰለችሽ፣ ሻይ ቤቱን ብትዘጊ እንኳ፣ ወንዝ ውስጥ እንዳትለቂው። «ነጻ ላውጣው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ያዘነለት እየመሰለው። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ሁለቱም ጣና ሐይቅ ነው የሚገቡት። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንቲስቶቹ ላቤኦባርበስ የሚሉት፣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው በእነዚሁ ወንዞች ነው። ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚደርስ ዓይነት አለው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከጎልድፊሽም ጋር ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱ በሽታና ተባይ ለሌላው ሊተርፍ ይችላል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ እንዲሁ የራሱ ብቻ የሆኑ 17 የዓሣ ዓይነቶች ነበሩት። ከውጭ የገቡ ዓሣዎችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ አጠፏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱን ጠፍተዋል ብሎ መዘገባቸው። እምቦጭ የሚባለውን አረምም አስቢው። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ፣ ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው፤ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ታየ፣ ፎገራ ላይ ምን እንዳደረገ አንቺው አይተሻል።

ስለዚህ ዓሣው ከበዛብሽ ለሌላ ባለ አኳሪየም ስጪ። የሞተውን ጓሮ ቅበሪው። የምትነቅይውን የውሃ ተክል ፀሐይ ላይ አድርቀሽ አቃጥዪው፣ ቦይ ውስጥ አትጣዪው። በየሳምንቱ የምታወጪውን ውሃ ደግሞ ጎመንሽ ላይ አፍሺው፤ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ነው። ጨው የጨመርሽበት ሰሞን ግን ከአትክልቱ አርቂው።