ከትልቅ ጥገና በኋላ የሞተር ምርመራ በቤታችን

ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል የጣርማበርን ዳገት ይወጣል። በሜዳ ተሸሽጎ የቆየ የሞተር ጉድለት በዚያ ይገለጣል። ስለዚህ ሞተሩ ወርዶ የታደሰ አሮጌ የናፍጣ መኪና ያለን ሁሉ ከጉዞ በፊት ልንመረምረው ይገባል።

መነሻችን በጥገናው ጊዜ የተፈታው ክፍል ይሁን። ሞተሩ አልነሣ ካለ፣ በነዳጅ መሥመሩ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልተን፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፖምፓው እንግፋ፤ ከዚያም ብሎኑን እናጥብቅ።

ሞተሩ ከጋለ፣ እስኪቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አንክፈት፤ የፈላው ውኃ ተፈናጥሮ ያቃጥላልና። ሲቀዘቅዝ ውኃ ሞልተን፣ ክዳኑ ክፍት ሳለ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ጥቂት ብናሠራው የታመቀው አየር ይወጣል። ውኃው ወደ ውጭ ሳይፈስ ቢጎድል ወይም ዘይቱ ወተት ቢመስል ግን፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን አጥፍተን ባለሙያ እንጥራ። ከውኃ ጋር የተቀላቀለ ዘይት ሞተሩን በሚገባ አያለሰልስምና የታደሰው ሁሉ ዳግም ይጠፋል።

ጓርኒሲዮን መለወጥ ሞተር እንደገና ከማሳደስ ይቀላል፤ የተሳፋሪ ሕይወት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሳንመረምር ዳገቱን አንጀምር።