ለንድፍ ስትወጡ ጥላውን አስቀድሙ

በቡድን ወጥቶ የሚሥል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቦታው፣ ስለ ወረቀቱና ከጀርባው ቆሞ ስለሚያየው መንገደኛ ነው። እነዚህ ሁሉ በቀላሉ መላ ያገኛሉ። ሥራውን የሚያበላሸው የፀሐይ መሄድ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ መብራቱ የተተከለበት ቦታ ይቆማል፤ ሠዓሊውም መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥሎ ዝርዝሩን፣ በመጨረሻም ጥላውን እያለ በዝግታ ይሠራል። ይህን ቅደም ተከተል ይዞ ደጅ የወጣ ሰው ጥላው ላይ ሲደርስ የጀመረበት ጥላ የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ ደጅ ላይ ጥላ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች።

አራዳ ጊዮርጊስን ለምሳሌ እንውሰድ። ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራው ይህ ካቴድራል ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ለንድፍ ቡድን ከዚህ የተሻለ መማሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። አንዱን ገጽ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ ቀጣዩን በጎን ትነካዋለች፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሕንፃው ራሱ ብርሃንን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። እሑድንና ወር በገባ 23ኛውን ቀን ግን ተዉት፤ ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል። ከቡድኑ አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶ ጥበቃውንና የደብሩን ጽሕፈት ቤት ያስፈቅድ፣ ሌላው በር ላይ ይቆይ፤ አሥር ሰው ደብተር ይዞ በአንዴ ሲገባ ጥበቃው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከምዕመኑ መተላለፊያ ራቁ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት ሳታስፈቅዱ አትሣሉ። ሌላ ሰፈር ወጥታችሁ የመንግሥት ወይም የወታደር ግቢ አጠገብ «አይቻልም» ከተባላችሁ ሳትከራከሩ ተነሡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይዋ ብዙም ሳታዘነብል ሽቅብ ትወጣለች። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ ገደማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የአንድ ምሰሶ ጥላ ከምሰሶው ቁመት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ 4 ሰዓት ላይ ከቁመቱ አጥሯል፤ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ እግሩ ሥር ተሰብስቧል። የካቴድራሉን ግራ ጎን በ2 ሰዓት ጥላ፣ ቀኙን በ4 ሰዓት ጥላ የሞላ ሰው ሁለት ፀሐይ ያላት ከተማ ሣለ ማለት ነው። ተመልካቹ ምን እንደተበላሸ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ሕንፃው መሬት ላይ በደንብ አለመቀመጡን ግን ያየዋል።

ለአውሮፓ አንባቢ የተጻፉ የሥዕል መጻሕፍት እዚህ ላይ ያሳስታሉ። የሰሜን ብርሃን አይለዋወጥም፣ የሕንፃ ሰሜናዊ ገጽም ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው የሚለው ምክራቸው ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ለምታልፍበት አገር የተሰጠ ነው። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ 20ዎቹ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ናት። ስለዚህ በታኅሣሥ ጥላ ውስጥ ያያችሁት ግድግዳ በግንቦት ፀሐይ ይመታዋል። ባለፈው ወቅት የሠራችሁትን ንድፍ አምናችሁ መቀመጫ አትምረጡ፤ በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ቦታውን አይቶ ይምጣ።

አሠራሩ ይህ ነው። ደብተራችሁ ጥላ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይን ስለሚያጥበረብር ቀለሙን ከልክ በላይ ታጠቁሩታላችሁ፣ ቤት ሲገባ ሥዕሉ የከሰለ ይመስላል። ከዚያ በገጹ ጥግ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ሳጥን አስምሩ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ካቴድራሉን እዩት፤ መስኮቱ፣ ጌጡ፣ የድንጋዩ መጋጠሚያ ሁሉ ይጠፋና ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይቀራሉ። ጨለማውን በዚያች ሳጥን ውስጥ በአንድ ጠፍጣፋ ግራጫ ሙሉት። በግድግዳው ላይ ያረፈውንና መሬት ላይ የተዘረጋውን ጥላ ለያይታችሁ አትሣሉ፤ ሲነካኩ እንደ አንድ ቅርጽ ያዟቸው። ዳር ላይ ፀሐይ የመጣችበትን አቅጣጫ በቀስት፣ ሰዓቱንም በቁጥር ጻፉ። እኔ ለዚህ የምመርጠው በባዶ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ከቤት በውኃ ቀጥኖ የመጣ ጥቁር ቀለም ነው፤ አንድ ዓይነት ግራጫ ብቻ ስለሚሰጥ ለማሳመር አያመችም፣ ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው።

አደጋው ያለው ከዚህ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነውና ልብ በሉ። መጀመሪያ እጃችሁ ወደ ጉልላቱና ወደ መስኮቱ ይሮጣል። አትፍቀዱለት። መስኮቱ ከአንድ ሰዓት በኋላም እዚያው አለ፤ ጥላው ግን የለም። ሁለተኛው ፈተና የሚመጣው ትልቁን ንድፍ ከጀመራችሁ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ነው። ቀና ስትሉ ጥላው ተንቀሳቅሷል፤ አዲሱ ደግሞ ከፊተኛው የሚያምር ይመስላል፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስላል። «ትንሽ ላስተካክል» ብላችሁ አንዱን ጠርዝ ከነካችሁ ሌሎቹንም ለመንካት ትገደዳላችሁ፤ በመጨረሻ ገጹ ላይ የሚቀረው የማንም ሰዓት ያልሆነ ጭቃ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ስለ ጥላ የምትጠይቁት ሳጥኗን ነው፤ ሕንፃውን የምትጠይቁት ስለ ቅርጹና ስለ ዝርዝሩ ብቻ ነው። አዲሱ ብርሃን በእርግጥ ከበለጠባችሁ ገጽ ገልጣችሁ ሌላ ንድፍ ጀምሩ። ክሎድ ሞኔ በ1890ዎቹ የፈረንሳይዋን ሩዋን ካቴድራል ከ30 ጊዜ በላይ ሲሥል ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ሸራውን ይለውጣል።

መቃወሚያ አይጠፋም። አንደኛው ልኩ ሳይስተካከል ጥላ ማስፈር ከንቱ ድካም ነው የሚል ነው፤ ግድግዳው ቦታውን ከሳተ ጥላውም ይስታልና። እውነት ነው፤ ሳጥኗ ትንሽ የሆነችውም ለዚህ ነው። በክብሪት ቀፎ ስፋት ላይ የሕንፃን ልክ መያዝ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ስሕተቱም ትልቁ ገጽ ላይ ሊታረም ይችላል። ሁለተኛው ስልክ እያለ ምን አስጨነቀን የሚለው ነው። ስልኩ ጥላውን ያስቀራል፣ ግን የጠዋቱ ብርሃን ሲበረታ የጥላውን ውስጥ ድፍን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያስቀረው፤ ዓይን ግን እዚያ ውስጥ ከመሬቱ ተንጸባርቆ የተመለሰውን ሙቅ ቀለም ያያል። ፎቶውን ለማስታወሻ አንሡት፣ ቁጭ ብላችሁ እሱን አትገልብጡ፤ ለዚያማ ከቤት መውጣት አያስፈልግም ነበር። ሦስተኛው ከበድ ይላል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ ሳይኖረው በመስመርና በድፍን ቀለም ብቻ ለዘመናት ኖሯል፣ ታዲያ ጥላ የግድ ነው ወይ? የግድ አይደለም። በመስመር ብቻ ለመሥራት የወሰነ ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ሥራውም በእጁ መስመር ይመዘናል። እኔ የምቃወመው መሐል ሰፋሪውን ነው፤ በመስመር ጀምሮ መጨረሻ ላይ ባዶ ሆነብኝ ብሎ የዚያን ሰዓት ጥላ የሚለጥፈውን።

ቀሪው ቀላል ነው። በበጋ ደረቅ አየር የውኃ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ ሰፊውን ስፍራ በአንድ ትንፋሽ ሙሉት፣ በክረምት ደመናው ጥላውን ስለሚበላው በረንዳ ሥር ሰው ሣሉ፣ «እኔን ሣለኝ» የሚል ልጅ ከመጣ በሌላ ገጽ ሣሉለትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። 5 ሰዓት ሲሆን ደብተሮቹን መሬት ላይ ደርድሩና ማን አሳመረ የሚለውን ትታችሁ አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ፤ ያልሣለው ሰው ሥዕሉን አይቶ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች መናገር ይችላል? ካልቻለ ሳጥኗ ተዘልላለች።

የአገራችን ቡድን የሚሸነፈው ግን ገና ሳይቀመጥ ነው። ሰላምታው፣ የሚጠበቀው ሰው፣ ከዚያ «አንድ ቡና ጠጥተን እንጀምር» ሲባል ረጅሙ ጥላ አልፏል። ቀጠሮው 1 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ቡናው ከ5 ሰዓት በኋላ ይጠጣ፤ የዘገየ ሰው ካለ አትጠብቁት፣ ሲመጣ ከደረሰበት ሰዓት ጥላ ይጀምር።