ስለ ፓርኩር ትምህርትና በራስ ስለ መተማመን

ፓርኩር ማለት ሰው ያለ ምንም መሣሪያ፣ በገዛ አካሉ ብቻ፣ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመውን ግንብ፣ ቦይና ደረጃ በሩጫ፣ በዝላይና በመንጠላጠል የሚያልፍበት ልምምድ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከጣራ ወደ ጣራ ሲዘለል በፊልም አይተን ስለ ሆነ የደፋሮች ጨዋታ ብቻ ይመስለናል። ይህ ጽሑፍ ግን በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በሺንሺቾ ላለ ጀማሪ የታሰበ ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም ድፍረት የዚህ ትምህርት ፍሬ እንጂ መግቢያው አለመሆኑን ነው።

የነገሩ ሥር ከመከራ ቀን ይነሣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ ተራራ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ፣ ዦርዥ ኤቤር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ሰዎችን በማዳን ሥራ ተካፈለ። በኋላም ሰው ሌላውን ይጠቅም ዘንድ መጠንከር አለበት በማለት፣ ሩጫን፣ ዝላይን፣ መውጣትንና ሚዛን መጠበቅን የሚያስተምር ዘዴ አወጣ። ዘዴው በፈረንሳይ ጦር የመሰናክል ልምምድ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም የፓሪስ እሳት አጥፊ የነበረው ሬይሞን ቤል ለልጁ ለዳቪድ አስተላለፈው። ዳቪድና ጓደኞቹ በፓሪስ አጠገብ ባለችው በሊስ ከተማ የዛሬውን ፓርኩር አበጁ። «ያማካሲ» የተባለው ቡድናቸው ስሙን የወሰደው ከኮንጎው የሊንጋላ ቋንቋ ነው፤ ትርጓሜውም ብርታትን ያመለክታል።

ጀማሪውን ሁለት ፍርሃቶች ይይዙታል። አንዱ የአካል ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ «የእገሌ ልጅ አበደ እንዴ?» መባል ከግንብ የበለጠ ያስፈራል። በተለይ እኅቶቻችንን ከሜዳ የሚያርቃቸው ይኸው ነው። መድኃኒቱም በማለዳ፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞች ጋር ሣር ባለበት ሜዳ መጀመር ነው። አብረው የወደቁ ጓደኞች አይሣሣቁም፤ ቢሣሣቁም አይጎዳም።

ትምህርቱ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ መልካም ነው።

አንደኛ፣ አወራረድ። ከመንገድ ጠርዝ ከፍታ በማይበልጥ ቦታ ላይ ሆኖ በእግር ጣቶች ሥር ባለው ክፍል ማረፍ፣ ጉልበትን አጠፍ ማድረግ። መልካም አወራረድ ድምፅ የለውም፤ «ዷ» ካለ ጉልበት እየተጎዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ሚዛን። መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ በዝግታ መራመድ።

ሦስተኛ፣ መንከባለል። በሣር ላይ ከአንዱ ትከሻ ወደ ተቃራኒው ዳሌ በሰያፍ መንከባለል። ራስና አንገት መሬት መንካት የለባቸውም።

አራተኛ፣ የልክ ዝላይ። መሬት ላይ ሁለት መስመር አስምሮ ርቀቱን በጫማ መለካት፣ ከአንዱ ዘሎ በሌላው ላይ ሳይንገዳገዱ መቆም።

አምስተኛ፣ መሻገር። ከወገብ በማይበልጥ፣ በሲሚንቶ በተያያዘ ግንብ ላይ ቀኝ እጅን ደግፎ፣ ግራ እግርን ላዩ ላይ አሳርፎ፣ ቀኝ እግርን በመካከል ማሾለክ። ደረቅ ካብ ስለሚናድ ለዚህ አይሆንም።

ለእግርና ለትንፋሽ ብርታት ደግሞ ከፍታው 3,000 ሜትር የሚያልፈው የከምባታው ሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎቹን ይዞ ይጠብቀናል። መውጣቱ ያጠነክራል፤ ሲወርዱ ግን ጉልበት ይጫናልና በእርጋታ መራመድ እንጂ መዝለል አይገባም።

እንግዲህ በራስ መተማመን የሚመጣው ከቁጥር ነው። አምስት ጫማ ርቀት በመሬት ላይ አሥር ጊዜ ሳይስት የዘለለ ተማሪ፣ ያንኑ አምስት ጫማ በሁለት ዝቅተኛ ጠርዞች መካከል ሲያይ ልቡ ቢመታ ራሱን ይጠይቅ፦ «ርቀቱ ተለወጠን? ድንጋዩ ርጥብ ነውን? ሰው እያየኝ ነውን?» በክረምት ሽበት ያበቀለ ድንጋይ ከሆነ ፍርሃቱ እውነቱን ነውና ይታዘዘው፤ መመለስ ውርደት አይደለም። ምክንያቱ የተመልካች ዓይን ብቻ ከሆነ ግን የሚያውቀውን ይሥራ። ፍርሃትን መመርመር እንጂ ማጥፋት አያስፈልግም።

የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቅጥር፣ መቃብርና የሰው አጥር የልምምድ ቦታ አይደሉም። ጉዳት ቢደርስ ደግሞ፣ ወጌሻን ብናከብርም፣ የተሰበረ አጥንት ጠብቆ ሲታሰር ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ እግርን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እግሩ ቅርፁን የለወጠ ወይም መቆም ያቃተው ሰው በሆሳዕና በንግሥት እሌኒ ስም ወደ ተሰየመው ሆስፒታል ወይም ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከእኛ ብዙዎች የገበሬ ልጆች ነን፤ በእንሰት ተከላና በአጨዳ ወራት የአንድ ወጣት እግር መሰበር የቤተ ሰብ ሁሉ ጉዳት ነው።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ትምህርት የተነገረ ይመስላል። ዛሬ የመንገድ ጠርዝ ላይ ያለ ድምፅ ማረፍ የቻለ፣ ነገ ለታናሽ ወንድሙና ለታናሽ እኅቱ ያንኑ ያስተምር። ኤቤር ያሰበው ጥንካሬ ሰውን ለመጥቀም የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።