የመንከሪያ ገንዳው ባክቴሪያ፦ አርሴኒክ ያለበት አፈርና የከብት ማደሪያችን

ከመተማ ተነሥቶ በገላባትና በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱም የሚነዳ ከብት በመንገዱ የማያውቀውን ውሃ ይጠጣል፣ የማያውቀውን አፈር ይልሳል። ጨው የራበው በሬ ደግሞ የሚልሰውን አይመርጥም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የለመድነው የኦምዱርማን መንገድ ተናግቷል፤ መንገድ ሲቀየር ማደሪያም ይቀየራል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ከብት የሚያድርበትን አፈር እናያለን።

አርሴኒክ ሽታም ቀለምም ጣዕምም የሌለው መርዝ ነው። ለከብት ነጋዴ ግን ባዕድ አይደለም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በአሜሪካ ከብት ከመዥገር የሚጸዳው አርሴኒክ በተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ እየተነከረ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ መዥገሩ መድኃኒቱን ለመደው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ኬሚካሎች ተተኩ። አርሴኒኩ ግን ከአፈሩ አልወጣም። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜናዊ ክፍል ብቻ ከ1,600 በላይ የቆዩ መንከሪያዎች ተመዝግበዋል።

የሚገርመው፣ የመፍትሔው ፍንጭም የተገኘው ከዚያው ገንዳ ነው። ፈሳሹ ሲቆይ ኃይሉ ይደክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ግሪን የተባለ ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ ከአንድ የከብት መንከሪያ ሁለት ባክቴሪያዎችን ለየ። አንደኛው አርሴናይት የሚባለውን ዓይነት ወደ አርሴኔት ይለውጣል፤ ሁለተኛው ተቃራኒውን ይሠራል። ሁለቱም በአንድ ገንዳ!

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አርሴናይት ይበልጥ መርዛማ ነው፤ በአፈር ውስጥም ከውሃ ጋር በቀላሉ ይጓዛል። አርሴኔት ግን ብረት የበዛበት አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ባክቴሪያ መርዙን ያስራል፣ ሁለተኛው ይፈታዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አርሴኒክ ንጥረ ነገር ስለሆነ ማንም ባክቴሪያ በልቶ አያጠፋውም። «አፈሩን ፈጽሞ አጸዳለሁ» የሚል ዱቄት ሻጭ ቢመጣ እኔ ገንዘቤን አላወጣም።

የትኛው ባክቴሪያ እንደሚያይል የሚወስነው በአብዛኛው አየር ነው። አየር የሚገባው አፈር ለመጀመሪያው ይመቻል። ውሃ የተኛበትና እበት የተከማቸበት ጭቃ ግን አየር ያጣል፤ ያን ጊዜ አርሴኒኩን የያዘው ብረት ይሟሟል፣ መርዙም ወደ ውሃው ይለቀቃል። ይህ ደግሞ የከብት በረት በክረምት የሚመስለውን መልክ ነው። ፎስፎረስም አርሴኔትን ከተጣበቀበት ያስለቅቃል፤ ስለዚህ በተጠረጠረ መሬት ላይ ፍግ ማፍሰስ ደግ ሥራ አይደለም።

በሥር ዙሪያ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሌላም ጥቅም አላቸው። የሥር ማሳደጊያ ሆርሞን ያመነጫሉ፣ የታሰረ ፎስፎረስ ለተክሉ ይፈታሉ፣ ተክሉ ሲጨነቅ እድገቱን የሚገታውን ኤቲሊን ይቀንሳሉ። እንዲህ ሣር የያዘ መሬት በነፋስ አቧራው አይነሣም፣ በዝናብ አይታጠብም። አርሴኒክን ከአፈር እየሳበ በቅጠሉ የሚያከማች ፈርንም አለ፤ ይህ ችሎታው እ.ኤ.አ. በ2001 ከፍሎሪዳ ነው የተነገረው። እርጥበት ወዳድ ስለሆነ ግን ለካርቱም ፀሐይ የሚሆን አይመስለኝም። የፈርኑ ቅጠልም ሆነ በተበከለ መሬት የበቀለ ሣር ለከብት አይሰጥም።

በሱዳን ይበልጥ የሚያሳስበው የወርቁ ነገር ነው። በብዙ ቦታ አርሴኒክ ከወርቅ ማዕድን ጋር አብሮ ይገኛል፤ ድንጋዩ ሲፈጭ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ሱዳኖች «ከርታ» የሚሉት ይህንን ዝቃጭ ነው። ወርቁን ለማውጣት የሚጨመረውን ሳያናይድ ባክቴሪያ ሊሰባብረው ይችላል፤ አርሴኒኩን ግን እንዳልነው አይችልም። ከወፍጮ አጠገብ ያለ ኩሬ ለከብት ውሃ አይደለም።

በመንገዳችሁ ረጅም ጠባብ የሲሚንቶ ቦይ፣ በአንድ በኩል መግቢያ፣ በሌላው መውጫ ደረጃ፣ ቀጥሎም ከብቱ ቆሞ የሚንጠባጠብበት ወለል ካያችሁ የድሮ መንከሪያ ሊሆን ይችላል። መርዙ የሚበዛው በመውጫው አካባቢና ዝቃጩ በተጣለበት ነው። እዚያ አታሳድሩ፤ ከብቶቻችሁም አፈር እንዳይልሱ ከመንገዳችሁ በፊት ጨው ስጧቸው። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት ጉድጓድ ካለ ውሃውን በላቦራቶሪ አስመርምሩ፦ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ለከብት የሚመክረው ወሰን በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነው፤ ለሰው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው 0.01 ነው። ስለዚህ ለበሬው የተፈቀደ ውሃ ለእረኛው ላይሆን ይችላል።

ከብት በድንገት ሆዱን ከታመመ፣ ውሃ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ከያዘው፣ እየተንገዳገደ ከወደቀ ለእንስሳት ሐኪሙ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ሌሊቶች የት እንዳደረ ንገሩት። ሥጋውን ግን አትብሉ፣ አትሽጡም።