የእንጨት ቅርጽ አቀባብና አጨራረስ፦ ጥላውን ሳያጠፉ

ጣውላ ላይ ወጣ ብሎ የተቀረጸ ምስል የሚታየን በጥላው ነው። ብርሃን ከአንድ ወገን ሲያርፍበት ወጣ ያለው ይፈካል፣ የጎደጎደው ይጨልማል፤ ዓይን ቅርጹን የሚለየው በዚህ ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተቀረጹትን እንስሳት ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ወፍራም ቀለምና የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ግን ጥላውን ይደፍኑታል። ስንት ቀን በመሮ የተለፋበት ሥራ በመጨረሻዋ ሰዓት እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ለምሳሌ የምወስደው አርሲ ነገሌ ላይ የሚሠራ፣ የኦዳ ዛፍ የተቀረጸበት ጣውላ ነው።

አንደኛ፦ እንጨቱ መድረቁን ማረጋገጥ

ለዚህ ሥራ ዋንዛን የሚያህል የለም። ለመሮ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። ችግሩ እያለቀ መሆኑ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። የሙነሳ ደን ጎረቤታችን ስለሆነ ነገሩ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ከፈረሰ ቤት ወይም ከአሮጌ ቁም ሣጥን የተገኘ ዋንዛ ፈልጉ፤ ደርቆ ያለቀለት ስለሆነ ከአዲሱ ይሻላል። ካልተገኘ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጥድ ይሆናል።

ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ጣውላ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ማጽዳት

ቅርጹን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። ስለት ያለው መሮ የተወው ጠርዝ ጥርት ያለ ጥላ ይጥላል፤ ብርጭቆ ወረቀት ያንን ጠርዝ ያዶለዱመዋል። የሚፈገፈገው ሜዳው፣ ማለትም ከምስሉ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ ክፍል ብቻ ነው፤ በቁጥር 120 ጀምራችሁ በ240 ጨርሱ፣ የእንጨቱንም መስመር ተከተሉ። ይህን የምታደርጉት የመሮ ሥራው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ነው፤ አሸዋው እንጨቱ ውስጥ ከቀረ የመሮውን ስለት ይበላል። በቅጠሎቹ መካከል የተደበቀውን ብናኝ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አውጡ። በመጨረሻም በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሱት፤ ሲደርቅ የሚቆመውን ጭረት ሜዳው ላይ በ240 ቀለል አድርጋችሁ አንሱት።

ሦስተኛ፦ ጎማላካ

ጥሬ እንጨት ቀለም እኩል አይጠጣም፤ በተለይ ጭረቱ የተቆረጠበት ጎን በብዛት ይመጥና ይጠቁራል። መፍትሔው ቀጭን ጎማላካ (ሼላክ) ነው። 100 ግራም በ1 ሊትር አልኮል፣ በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ (የብረት ቆርቆሮ መልኩን ያጠቁረዋል) አሳድሩና በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ነገሌ የአረቄ አገር ናት፤ ሆኖም አረቄ ውሃ ስላለበት ጎማላካን በደንብ አያሟሟም፣ ቢቀባም ነጭ ደመና ጥሎ ይቀራል። ከ95 በመቶ ያላነሰ አልኮል ግዙ። በክረምትም ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት አትቀቡ፤ የአየሩ እርጥበት ያንኑ ነጭ ደመና ያመጣል።

ፊቱን አንድ ጊዜ፣ የተቆረጡትን ጎኖች ሁለት ጊዜ፣ የፈረንጅ ጥድ ከሆነም አንጓዎቹን ሁለት ጊዜ ቀቡ። ጀርባውን አትርሱ። ነገሌ ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ከተማ ነው፤ ሥራው ተሸጦ ወደ ባቱ ወይም አዳማ ሲወርድ በሙቀቱ እንጨቱ ይበልጥ ይደርቅና ይኮማተራል። ፊቱ ተቀብቶ ጀርባው ባዶ ከሆነ ሁለቱ ወገኖች እኩል ስለማይደርቁ ጣውላው ይጎብጣል።

አራተኛ፦ ቀለም

አክሪሊክ ቀለምን በውሃ አቅጥኑና ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከብሩሹ የሚወርደው እንደ ወተት የቀጠነ ይሁን፤ የእንጨቱ መስመር በቀለሙ ውስጥ መታየት አለበት። ሁሉንም ቦታ መቀባት ግዴታ አይደለም። በኦዳው ላይ ቅጠሉን ብቻ ቀብቶ ግንዱንና ሜዳውን በእንጨቱ መልክ መተው ከሁሉ ያምራል። ከቆርቆሮው እንደወጣ ያለ አረንጓዴ ይጮኻል፤ ጥቂት ቀይ ስትጨምሩበት ይረግባል። ጠርዙን በገዳ ቀለማት፣ በጥቁር፣ በቀይና በነጭ ማስጌጥ ለፈለገ መስመሩ ቀጭን ይሁን።

አምስተኛ፦ ጥላውን መመለስ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ ሥራውን ሥራ የሚያደርገው ግን ይሄው ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ሲደርቅ ሌላ ስስ ጎማላካ ደርቡበት፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቡናማ ቀለም ይዋጥና አልወለቅ ይላል። ከዚያ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በተርፔንታይን አቅጥናችሁ ቅርጹን በሙሉ፣ ጎድጓዳው ድረስ ቀቡት። ያኔ ሥራው የተበላሸ ይመስላል፤ አትደንግጡ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩና የጥጥ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ወጠር አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ወጣ ወጣ ያለውን ብቻ ጥረጉ። ጨርቁ ከላላ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ሊቀር የሚገባውንም ያወጣዋል። የቅጠሉ ጫፍ ሲፈካ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ቡናማ ሆኖ ሲቀር ዛፉ ከጣውላው ይነሣል። ጣውላውን መስኮት አጠገብ አቁማችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው እያደረጋችሁ ጥረጉ፤ ግድግዳ ላይም የሚታየው እንዲያ ነውና። አስቀድማችሁ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት።

ስድስተኛ፦ ሰም

ቡናማው አንድ ሳምንት ይድረቅ። አንድ እጅ የማር ሰም ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡ፤ ከእሳቱ አርቃችሁ፣ ውጭ ወጥታችሁ ሦስት እጅ ተርፔንታይን ጨምሩበት። እሳት አጠገብ ከተቀላቀለ ይቀጣጠላል። ሲረጋ በስሱ ቀቡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በንጹሕ የጫማ ብሩሽ ወልውሉት። ደብዘዝ ያለ ውበት ይሰጣል፣ ብርሃን አያንጸባርቅም።

ቀለም ለማይቀባ ሥራ ጎማላካውንም ሰሙንም ትታችሁ የተልባ ዘይት መቀባት ትችላላችሁ። ለምግብ የሚጨመቀው ተልባ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ከቀለም መደብር ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሞቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሥራው ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት የእንጨቱን ዓይነት፣ የተቀባውን ነገርና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት። ከዓመታት በኋላ የሚያድሰው ሰው ምን ላይ ምን እንደሚደርብ የሚያውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው።