ለዘገየ በረራ ካሳ የሚከፈለው ለማን ነው?

አንድ በረራ ከፍራንክፈርት ተነስቶ አዲስ አበባ ሲደርስ አምስት ሰዓት ዘገየ እንበል። በሳምንቱ ደግሞ ያው በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲመለስ እንዲሁ አምስት ሰዓት ዘገየ። ምክንያቱ በሁለቱም ጊዜ የሞተር ብልሽት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ከሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው 600 ዩሮ መጠየቅ ይችላሉ፤ ወደ ፍራንክፈርት የሄዱት ግን ይህን ገንዘብ የሚያገኙበት ሕግ የለም። በረራው የሉፍታንዛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወገኖች ይጠይቁ ነበር።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው ካሳን ከደረሰብን እንግልት ጋር ስለምናያይዘው ነው። ሕጉ እንግልቱን አይመዝንም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ከየካቲት 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በረራው ከየት ተነሳ? ያካሄደውስ ማን ነው? ከኅብረቱ አባል አገር ኤርፖርት የተነሳ በረራ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ በደንቡ ይሸፈናል። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ስዊዘርላንድም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ከሌላ አገር ተነስቶ ወደ አውሮፓ የሚገባው ግን የሚሸፈነው አየር መንገዱ የአውሮፓ ሲሆን ብቻ ነው። ፓስፖርትዎ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ቲኬቱንም ከየትኛውም ኤጀንሲ ይግዙት፣ ለውጥ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ክርክር አለ። «ደርሶ መልስ ቲኬት ነው የገዛሁት፤ መነሻዬም መድረሻዬም አውሮፓ ነው» ይላል። የሚያሳምን ይመስላል፤ ነገር ግን የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2008 አልተቀበለውም። ጉዳዩ ከዱሰልዶርፍ በዱባይ በኩል ማኒላ ደርሶ ለመመለስ በኤሚሬትስ የተያዘ ጉዞ ነበር፤ የተሰረዘውም የመመለሻው በረራ ነው። ፍርድ ቤቱ መሄጃና መመለሻ፣ አብረው ቢገዙም፣ ሁለት የተለያዩ በረራዎች ናቸው አለ።

ትራንዚት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእኛ ሰው የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው። ከፍራንክፈርት በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርስ አንድ ቲኬት ገዙ። እስከ አዲስ አበባ በሰዓቱ ደረሱ፤ የባሕር ዳሩ በረራ ግን አራት ሰዓት ዘገየ። የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ የአውሮፓ ሕግ አያገባውም ያሰኛል። ከበርሊን በካዛብላንካ በኩል አጋዲር ትሄድ የነበረች የሮያል ኤር ማሮክ ተሳፋሪ ተመሳሳይ ነገር ገጠማት። ካዛብላንካ ላይ በሁለተኛው አውሮፕላን እንዳትሳፈር ተደርጋ በሌላ በረራ አራት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። ፍርድ ቤቱ በ2018 በአንድ ቲኬት የተያዘ ጉዞ እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል ብሎ ወሰነላት። ስለዚህ የባሕር ዳሩ መዘግየትም ይሸፈናል፤ በፊተኛው በረራ መዘግየት የተነሳ ቀጣዩ ቢያመልጥዎትም፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው መድረሻዎ ላይ የደረሱበት ሰዓት ነው። ይህ የሚሠራው ግን በአንድ ቲኬት ለተያዘ ጉዞ ብቻ ነው። ዋጋ ለመቆጠብ እስከ ፍራንክፈርት በአንድ ቲኬት፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ የሄደ ሰው ሁለተኛው በረራ ቢያመልጠው ለዚያ የሚጠየቅ አየር መንገድ አያገኝም። በራሱ መዘግየት ቼክ-ኢን የተዘጋበትም እንዲሁ።

ካሳ የሚያስጠይቀው የመዘግየት መጠን ሦስት ሰዓት ነው። የሚገርመው ይህ በደንቡ ላይ አልተጻፈም። ደንቡ የተወሰነ ካሳ የደነገገው በረራ ሲሰረዝና ተሳፋሪ ያለፈቃዱ ከመሳፈር ሲከለከል ነበር፤ በ2009 ፍርድ ቤቱ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰም እንደተሰረዘበት ሰው ይታያል አለ። መድረስ ማለትስ የቱ ነው? ጎማው መሬት ሲነካ ነው? በ2014 የተወሰነ የጀርመንዊንግስ ጉዳይ ይህን መልሷል። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ከ58 ደቂቃ ዘግይቶ አረፈ፤ ማቆሚያው ላይ ሲደርስ ግን ሦስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ሞልቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ የመድረሻ ሰዓት ቢያንስ አንዱ በር የተከፈተበት ነው አለ። በሩ ሲከፈት ስልክዎን አውጥተው ሰዓቱን ፎቶ ያንሱ፤ ምንም አያስወጣዎትም።

የገንዘቡ መጠን በርቀት ይለያያል፤ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ነው። ፍራንክፈርትም ሆነ ሮም ወይም ስቶክሆልም ከአዲስ አበባ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቁ 600ው ነው የሚመለከታቸው፤ መዘግየቱ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ ግን አየር መንገዱ በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው፤ የቲኬቱ ዋጋም አይታይም። በአየር መንገድ ሠራተኛ ዘመድ በኩል በተገኘ ልዩ ቅናሽ፣ ለሕዝብ በማይሸጥ ዋጋ የሚሄዱ ግን ደንቡ አያውቃቸውም።

አሁን ሰው ሁሉ ተስፋ ወደሚቆርጥበት ቃል እንምጣ፤ «የቴክኒክ ችግር»። ደንቡ አየር መንገዱን ነፃ የሚያወጣው «ልዩ ሁኔታ» ሲያጋጥም ነው። ከባድ የአየር ጠባይ፣ የጸጥታ ስጋት፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች እገዳ፣ ከወፍ ጋር መጋጨት እንኳ (የ2017 ውሳኔ ነው) በዚህ ይመደባሉ። ተራ ብልሽት ግን አይመደብም። አሊታሊያ በሞተር ችግር በሰረዘው በረራ ላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 እንዳለው፣ የሚበላሽ ነገር መጠገን የአየር መንገድ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። እንግዲህ በድምፅ ማጉያ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ሲባል ብዙዎች የመብታቸው መጨረሻ አድርገው ይሰሙታል። እኔ ብሆን ማን እንደተናገረውና በስንት ሰዓት እንደተባለ እጽፋለሁ። ማስረጃ ነውና።

ምግብና መኝታ ከካሳው ጋር መምታታት የለባቸውም። እንደ ርቀቱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ከዘገየ ምግብና መጠጥ፣ ማደር ካስፈለገ ሆቴልና ማመላለሻ መስጠት ግዴታ ነው፤ ጥፋቱ የዝናብ ቢሆንም። ሆቴል ማደርዎ ካሳውን አያስቀርም። በካሳው ፈንታ የጉዞ ቫውቸር ቢሰጥዎት ደግሞ የሚጸናው ተስማምተው ከፈረሙ ነው፤ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ከአዲስ አበባ አውሮፓዊ ባልሆነ አየር መንገድ ተነስቶ የተጉላላ ሰውስ? እሱም ባዶ እጁን አይደለም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አለ። ይህ የተቆረጠ ገንዘብ አይሰጥም፤ መዘግየቱ ያስከተለውን ወጪ በደረሰኝ ላስረዳ ሰው እንጂ። አየር መንገዱም የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነፃ ይወጣል። ሻንጣ ዘግይቶ ሲመጣ አቤቱታው ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ክስ ደግሞ በሁለት ዓመት ይታገዳል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የ2012ቱ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከእስራኤል የሚነሳንም ወደ እስራኤል የሚገባንም በረራ ስለሚሸፍን ከአውሮፓው ይሰፋል፤ ነገር ግን የመዘግየት ካሳ የሚጀምረው ከስምንት ሰዓት ነው። አሜሪካ ለመዘግየት የተወሰነ ካሳ የሚያስከፍል የፌዴራል ሕግ የላትም።

ጥያቄው መጀመሪያ የሚቀርበው ለአየር መንገዱ ነው፤ ያውም ቲኬቱን ለሸጠው ሳይሆን በረራውን ላካሄደው። የበረራ ቁጥሩንና ቀኑን፣ የቲኬቱን ባለስድስት ፊደል መለያ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ቅጂ፣ የደረሱበትን ሰዓትና የሚጠይቁትን ገንዘብ ጽፎ መላክ ይበቃል። ደንብ ቁጥር 261ን መጥቀስ አይርሱ። ከካሳው ድርሻ ወስደው የሚከራከሩ ድርጅቶች አሉ። አየር መንገዱ እምቢ ሲል ጠቃሚ ናቸው፤ ገና ሳይጠይቁት ለእነሱ መስጠት ግን ገንዘብ መበተን ይመስለኛል። የጊዜ ገደቡ እንደየአገሩ ነው። በጀርመን ሦስት ዓመት ሲሆን የሚቆጠረው በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ በመጋቢት 2024 የዘገየ በረራ እስከ 2027 መጨረሻ ይጠየቅበታል። ከኅብረቱ ከወጣች በኋላም ደንቡን በፓውንድ ለውጣ በያዘችው ብሪታንያ ደግሞ በእንግሊዝ ስድስት፣ በስኮትላንድ አምስት ዓመት ነው።