ምዕራፍ 9፦ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትገዛ መኪና

ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላትን፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና መግዛት በሒሳብ አይደገፍም። ሁለት ልጅ ያለው ሰው ቤተሰቡን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አይሄድባትም። ከአንድ ከረጢት ጤፍ በላይ ለመጫን ትቸገራለች። ክረምቱን ሙሉ ቆማ ኢንሹራንስ ትበላለች። ይህን እያወቀ ለደስታው ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው “ነዳጅ ትቆጥባለች”፣ “ዋጋዋ እየጨመረ ይሄዳል” እያለ ራሱን የሚያባብለው ነው፤ ሰበብ የያዘ ገዢ መኪናዋን አገላብጦ አያይም። ይገዛ ወይስ ይቅር የሚለውን ለባልና ሚስት እንተወው። እዚህ የምናየው ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ያለውን ነው።

ምሳሌያችን ማዝዳ ሚያታ ናት፤ አሜሪካ ላለ ገዢ ከሷ የተሻለ መነሻ የለም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ እንግሊዞች ኤምጂ፣ ትራያምፍ፣ ሎተስ ኤላን የተባሉ ትንንሽ ክፍት መኪኖች ይሠሩ ነበር። ያምራሉ፤ ግን ዘይት ያንጠባጥባሉ፣ ኤሌክትሪካቸው ባልተጠበቀ ሰዓት ያኮርፋል። ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ እንዲህ ያለውን መኪና ጃፓኖች ቢሠሩት የተሻለ እንደሚሆን፣ በኋላ የማዝዳ ፕሬዚዳንት ለሆኑት ለኬኒቺ ያማሞቶ ነገራቸው። ሚያታ በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ታየች፤ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 116 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ። አንድ ሚሊዮንኛዋ በ2016 ከፋብሪካ ወጣች።

116 ጉልበት ዛሬ ኮሮላ እንኳ የሚንቀው ቁጥር ነው። ግን ቨርጂኒያ ባለው ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ተራራውን ይዞ 105 ማይል የሚጠማዘዘው ስካይላይን ድራይቭ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። 400 ጉልበት ያላት መኪና እዚያ ሥራ ፈት ናት። ሚያታ ግን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተመላለሰች፣ ፖሊስ ሳያስቆማት፣ ነጂዋን ሙሉ ቀን ሥራ ታስይዛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ማይሉ ላይ ነው። ለካምሪ ይህ ልማድ አይከፋም። ለቅዳሜ መኪና ግን ያሳስታል፤ እንዲህ ያሉትን መኪኖች የሚጨርሳቸው መቆም ነው። ቆማ የከረመች መኪና የዘይት መያዣ ጎሚኒዎቿ ይደርቃሉ፣ ቤንዚኗ ይበላሻል፣ የፍሬኗ ፒስተን ይነክሳል፣ አይጥ ሽቦዋን ይቀረጥፋል። ባለቤቱ ግን “30 ሺህ ማይል ብቻ!” ብሎ ዋጋ ይቆልልባታል። የ1996 ሥሪት ሆና 30 ሺህ የሄደች ደረሰኝ አልባ መኪናና፣ 130 ሺህ ሄዳ የየዓመቱ የጋራዥ ደረሰኝ የተያዘላት መኪና ጎን ለጎን ቢቀርቡልዎ ሁለተኛዋን ይያዙ።

መቆሟን የሚያሳብቅ አንድ ቀላል ምልክት አለ። በጎማው ጎን፣ “ዶት” ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ። 2316 ካሉ ጎማው በ2016፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ለመዞሪያ መንገድ አይታመንም፤ የአራት ጎማ ዋጋ ከመኪናዋ ላይ ያስቀንሱ።

ሞተር ይጠገናል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ኪስ ያራቁታል። የቆዩት ሚያታዎች ደካማ ጎን ከኋላ ጎማ ፊት ያለው የታችኛው ላሜራ ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከላይ፣ ከጣሪያው ነው። ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ፣ በቱቦ ወርዶ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት መሬት ላይ ይፈስሳል። ቀዳዳው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ምንጣፉን ያረጥባል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይበላል። ስለዚህ ሊያዩ ሲሄዱ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ይሂዱ። ሻጩን አስፈቅደው በየቀዳዳው ቀስ ብለው ያፍስሱና ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ በሁለቱም በኩል ከታች መውረድ አለበት። ከዚያ እጅዎን ከመቀመጫው ጀርባ ምንጣፉ ሥር ይክተቱ። እርጥብ ከሆነ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ወደ ላሜራው ይመለሱና ቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለበት ማግኔት ያስጠጉበት፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ በስቱኮ የተደለለ ነው። እዚያ ላይ ድርድር የለም፤ አመስግነው ይሂዱ።

መካኒካሉ ከዚህ ይቀላል። ለሻጩ ሲደውሉ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። የመጀመሪያዎቹ ሚያታዎች ቆይተው ሲነሱ ጥቂት ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ሲሞቁ ከተዉት አይጨነቁ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ለስለስ ብሎ ማርሽ አልገባ ካለ፣ ከካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሿ የፍሪሲዮን ሲሊንደር ማፍሰስ ጀምራለች፤ በእነዚህ መኪኖች የተለመደ፣ በርካሽም የሚጠገን ችግር ነው፤ ዋጋ ማስቀነሻ ግን ይሆናል። የሞተሩ ቺንጋ በየ60 ሺህ ማይሉ ይቀየራል፤ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ ሞተሮች ቺንጋውን በሚያዞረው የዘንግ ጫፍ ላይ የታወቀ ጉድለት አለባቸውና ያለ መካኒክ ምርመራ አይግዟቸው። ጣሪያውን ሲሞክሩ የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ ዚፑ ሳይከፈት አይታጠፍም። በብርድ ቀን ሻጩ ዝም ብሎ ሲያጥፈው ካዩ፣ ሌላውንም ነገር እንዴት እንደያዘ ገባዎት ማለት ነው።

ከአራቱ ትውልዶች የቱ ይሻላል? ብቅ ጥልቅ በሚሉት መብራቶቿ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚፈልገው የመጀመሪያዋን ነው፤ ዋጋዋም በዚያው ልክ ነው። በእኔ ግምት ብልህ ገዢ እስከ 2005 የተሠራችውን ሁለተኛዋን ይመርጣል፤ ያው ቅልጥፍና፣ የኋላ መስኮቷ መስታወት፣ አድናቂዋ ደግሞ ጥቂት። ረጅም ሰው ከ2006 ሥሪት የሚጀምረውን ሦስተኛውን ይሞክር፤ ሰፋ ይላል፣ ቺንጋም የለውም፣ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። በ2016 የመጣችው አራተኛዋ ግሩም ናት፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካምቢዮ ስላስቸገረ መቀየሩን ይጠይቁ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ጣሪያ መክፈት ያምረዋል፤ ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ግን ሻጩ የጋራዡን ቦታ ይፈልገዋል። ያኔ ይግዙ። የሻንሲ ቁጥሯን፣ 17ቱንም ፊደልና አኃዝ፣ አስገብተው ታሪኳን ያስፈትሹ፤ ሊብሬዋ ላይ “ሳልቬጅ” የሚል ካለ በአደጋ ወይም በጎርፍ ተጎድታ ኢንሹራንስ የጣላት ናት። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስም ሲዛወር የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። ቨርጂኒያ ደግሞ እንደኛ አገር ቦሎ በየዓመቱ ታስመረምራለች፤ የቆመችውም መኪና በየካውንቲው የንብረት ግብር ይመጣባታል። ይህን በጀት ውስጥ ያላስገባ ሰው በልግ ላይ መልሶ ሲሸጣት ይታያል።

ለክረምት ሲያቆሟት ታንኳን ሞልተው የቤንዚን ማቆያ ይጨምሩበት፣ የጎማውን ንፋስ ከፍ ያድርጉ፣ ባትሪውን ቀስ ብሎ ከሚሞላ ቻርጀር ጋር ያገናኙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ባትሪው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ ተራ ባትሪ ከገባበት የአሲዱ ትነት ላሜራውን ያዝገዋልና የተዘጋና የጋዝ ማስወጫ ቱቦ ያለው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ግን ይቅርብዎ፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ትቶ ከማዝገት በቀር ጥቅም የለውም። ጨው ያልተነሰነሰበት ደረቅ ቀን ሲገኝ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ነድተዋት ይመለሱ።